የሴናተር ሜኔንዴዝ ወርቅ፣ የዓባይ ደብዳቤ እና እኛ ያሰራጨነው ወሬ

ሀድሰን ማዶ (ክሩን የከፈተ)

መስከረም 1 ቀን 2018 እንቁጣጣሽ ነበር። ኒው ጀርሲ ባለው ቤቴ ዶሮ ወጡ ይንተከተካል፤ ቴሌቪዥኑ ከሁለት ቀን በፊት የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ ደጋግሞ ያሳያል። ውሃው ቁልቁል ሲንፎለፎል እያየሁ ስልኬ ጮኸ። የማንሃተኑ ፌዴራል ፍርድ ቤት በናዲን ሜኔንዴዝ ላይ አራት ዓመት ከመንፈቅ ፈረደ ይላል። ባሏ ቦብ ሜኔንዴዝ የእኛው የኒው ጀርሲ ሴናተር የነበረው ነው፤ ሁለቱም ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ጉቦ ተቀብለው ግብፅን ጠቅመዋል ተብለው ነው የተፈረደባቸው፤ እርሱ የአሥራ አንድ ዓመት እስሩን ከሰኔ ጀምሮ ፔንስልቬኒያ ውስጥ መቁጠር ጀምሯል። ባለቤቴ ቅቤ የነካ እጇን እያደራረቀች "አየህ የዓባይን አምላክ!" አለች።

"አሜን" ልል ነበር፤ አፌ ላይ ቀረ።

ክሱ የወጣው መስከረም 11 ቀን 2016 ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ያን ዓመት ጉዱ አሥር ቀን ዘግይቶ መጣ። እኔም በሰማሁበት ሰዓት "ያንን የማዕቀብ ሕግ የጻፈብን በግብፅ ወርቅ ተገዝቶ እንደሆነ ፍርድ ቤት አረጋገጠ" ብዬ በአምስት የቴሌግራም ቡድኖች በተንኩት። ገና ክስ እንጂ ፍርድ አልነበረም። የክሱንም ወረቀት አላነበብኩም። ኮሌጅ የምትማረው ልጄ "አባዬ፣ የትኛው ገጽ ላይ ነው?" ስትለኝ "ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው" ብዬ አለፍኳት። ዘንድሮ በበዓሉ ማግስት ግን መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩና አነበብኩት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዓባይ መዝገቡ ውስጥ አለ። ከብዙ ነገር መካከል ትንሽ ቦታ ነው የያዘው፤ ግን አለ። በ2020 መጀመሪያ የሦስቱ አገሮች ድርድር በአሜሪካ ግምጃ ቤት ሚኒስትር በስቲቨን ምኑሽን ሰብሳቢነት ዋሽንግተን ላይ ይካሄድ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የካቲት መጨረሻ ላይ ኢትዮጵያ ከመጨረሻው ዙር ቀረች፤ ግምጃ ቤቱም ያለ ስምምነት ውሃ አይሞላም የሚል መግለጫ አወጣ። በመጋቢት ናዲን ለአንድ የግብፅ ባለሥልጣን፣ የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ ስልኬ አላችሁ፣ ሁሉንም እናስፈጽማለን የሚል መልእክት ላከች። ያኔ ገና ያልተጋቡት ሁለቱ አንድ የግብፅ ባለሥልጣን አገኙ፤ ከሚወያዩባቸው ጉዳዮች አንዱ ግድቡ ነበር። ወር ሳይሞላ፣ በሚያዝያ፣ ሴናተሩ ለምኑሽንና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለማይክ ፖምፔዮ ደብዳቤ ጻፈ፦ የግድቡ ድርድር መቆሙ አሳስቦኛል፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታችን ከእስከ አሁኑ እጅግ በበለጠ ይግባበት ይላል።

የማዕቀቡ ረቂቅስ? በትግራይ ጦርነት ጊዜ በኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል የሚጠይቀው የሴኔት ረቂቅ ሕግ፣ ኤስ 3199፣ በኅዳር 2021 ቀረበ፤ በመጋቢት 2022 ሜኔንዴዝ በሚመራው የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ አለፈ፤ ለሙሉው ሴኔት ድምፅ ሳይቀርብ የምክር ቤቱ ዘመን አለቀ። ይህን ረቂቅ ለወርቅ ሲል ጻፈ የሚል አንድ መስመር ክሱ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

እንግዲህ እኔ የበተንኩት ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የራሴ ቅመም ነበር። በ2018 ድምፄን የሰጠሁትም ለዚሁ ሰውዬ መሆኑን ሳልደብቅ እናገራለሁ።


ቆፍጣናው

ወንድሜ ሀድሰን ማዶ፣ ልብህ ንጹሕ ነው፤ የዋህነት ግን አያዋጣም። ቀኖቹን ደርድራቸው። ሰውዬው በጥቅምት 2021 ከግብፅ ጉዞ በተመለሰ ማግስት ኢንተርኔት ላይ "አንድ ኪሎ ወርቅ ስንት ያወጣል" ብሎ ፈለገ። ይህ የእኔ ወሬ አይደለም፣ ፍርድ ቤት የቀረበ ማስረጃ ነው። በቀጣዩ ወር የእኛን ማዕቀብ ይዞ ብቅ አለ። ማዕቀቡ ቀልድ አልነበረም፤ የጸጥታ ድጋፍ ይቋረጥ፣ የዓለም ባንክና የአይ ኤም ኤፍ ብድር ላይ አሜሪካ ተቃውሞ ድምፅ ትስጥ የሚል ነው። ማን ይጠቀማል? ካይሮ። ሌላ ምን ገጽ ያስፈልጋል?

እኔ ያን ኅዳር ዋሽንግተን በብርድ ቆሜ "በቃ!" ስል ድምፄ ተዘግቶ ሦስት ቀን ከሚስቴ ጋር በእጅ ምልክት ነው የተነጋገርነው። ያኔ የግብፅ እጅ አለበት ስንል "የሴራ ወሬ" አሉን። ወርቁ ከጓዳው ሲወጣ ደግሞ "ገጹ የት አለ" ትሉናላችሁ።


ሀድሰን ማዶ

ቆፍጣናው፣ እኔም አጠገብህ ቆሜ ነበር፤ ሳንተዋወቅ ተገፋፍተን ይሆናል። የቀኖቹ መቀራረብ እኔንም ያሳክከኛል። ግን ጥርጣሬ ሌላ፣ "ፍርድ ቤት አረጋገጠ" ማለት ሌላ። እኔ የጻፍኩት ሁለተኛውን ነው።


ዶሴ

ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። በጥብቅና ሙያ ስለምተዳደር ዝም ማለት አልቻልኩም።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የምክር ቤት አባል በምክር ቤት ሥራው፣ ማለትም በንግግሩ፣ በሰጠው ድምፅና ባቀረበው ረቂቅ፣ ሌላ ቦታ እንዳይጠየቅ ይከላከልለታል። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ላይ የሚመሳሰል ጥበቃ አለ። የአሜሪካው ግን ከክስ ከለላነት ያልፋል፤ የሕግ አወጣጡ ተግባር ራሱ በማስረጃነት ጁሪው (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑት ተራ ዜጎች) ፊት እንዳይቀርብ ያግዳል። ወደፊት እንዲህ አደርግልሃለሁ ብሎ የገባው ቃል ሊቀርብ ይችላል፤ ያደረገው የሕግ ሥራ አይቀርብም። ይህን መስመር ካሰመሩት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች አንዱ በ1979 የተሰጠው በሌላ የኒው ጀርሲ እንደራሴ ጉዳይ ነው። ኒው ጀርሲ ለዚህ የሕግ ዘርፍ ያላትን ውለታ ልብ በሉ።

ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ የከሰሰው በደብዳቤ፣ በስልክ ጥሪና በመልእክት ላይ ተደግፎ ነው። ለምሳሌ ግብፅ የ300 ሚሊዮን ዶላር እርዳታ እንዲለቀቅላት ለሌሎች ሴናተሮች የጻፈችውን የልመና ደብዳቤ ሜኔንዴዝ በድብቅ አርሞና ራሱ ጽፎ ሰጥቷል ተብሏል። ራሱም ሴናተር ነው፤ ለባልደረቦቹ በግብፅ ስም ጻፈላቸው ማለት ነው። ካይሮ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ የሚሠሩ ሰዎችን ብዛትና ዜግነት የሚመለከት ይፋ ያልሆነ መረጃም አሳልፎ ሰጥቷል። እነዚህ ቀረቡ። የጦር መሣሪያ እርዳታ ላይ የነበረውን "እገዳ" የሚመለከቱ አንዳንድ ማስረጃዎችን ግን ዳኛ ሲድኒ ስታይን በዚሁ ከለላ ምክንያት ከለከሉ። ከፍርዱ በኋላ ዐቃቤ ሕጎቹ ራሳቸው፣ መሸፈን የነበረባቸው አንዳንድ ሰነዶች ሳይሸፈኑ ጁሪው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ በስሕተት መግባታቸውን ሲያሳውቁ ተከላካዮቹ "ችሎቱ እንደገና ይጀመር" ብለው ነበር፤ ዳኛው አልተቀበሉትም።

ለእናንተ ክርክር ትርጉሙ ምንድን ነው? ኤስ 3199 የሕግ ሥራ ነው። ክሱ ውስጥ አለመጠቀሱ ሜኔንዴዝን ነጻ አያወጣውም፤ ቆፍጣናውንም ትክክል አያደርገውም። መዝገቡ በዚህ ጉዳይ ዝም ነው ያለው። ዝምታን ደግሞ ሁለታችሁም ወደ የልባችሁ ተርጉማችሁታል።


አራት ኪሎ

ከአዲስ አበባ ነኝ። የማይገባኝ ነገር አለ። ከመቶ ሴናተሮች አንዱ አይደለም? አንድ ሰው እንዴት የአገር እርዳታ ይይዛል ይለቃል? ፕሬዝዳንቱ ምን ሊሠራ ነው?


ዶሴ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ከወንበሩ ነው። በልማዱ መሠረት ከፍተኛ የጦር መሣሪያ ሽያጭ ለምክር ቤቱ በይፋ ከመቅረቡ በፊት የሁለቱ ምክር ቤቶች የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሰብሳቢዎችና በኮሚቴው የተቃዋሚው ፓርቲ አንጋፋ አባላት ያዩታል። ከአራቱ አንዱ "ቆይ" ካለ ነገሩ ይንጠለጠላል። በሕግ የተጻፈ አይደለም፤ አስተዳደሩ ግን ሌላ ቀን ስለሚፈልጋቸው አይጋፋቸውም። ግብፅ ከአሜሪካ በየዓመቱ 1.3 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ወታደራዊ እርዳታ የለመደች አገር ናት፤ ከዚያ ላይ የተወሰነው በሰብዓዊ መብት አያያዝ ቅድመ ሁኔታ ይታሰራል። ለእርሷ ይህ ወንበር ምን ያህል እንደሚያወጣ አስበው። ሜኔንዴዝ በኮሚቴው ሰብሳቢ የነበረው ከ2013 እስከ 2015 እና ከ2021 እስከ 2023 ነው፤ በመካከሉ የፓርቲው አንጋፋ አባል ሆኖ የቆየበት ጊዜም አለ። ክሱ በወጣ ጊዜ ወንበሩን ለቤን ካርዲን ለቀቀ።


ኮሎራዶ በረዶ

እኔ የምጽፈው ስለ ጉበት ነው። አትሳቁ።

ስድስት ዓመት የከብት ማረጃ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ግማሻችን ሐበሻና ሶማሌ ነበርን። አሜሪካዊ የበሬ ጉበት አይወድም። ጉበቱ በካርቶን ተሞልቶ፣ በረዶ ሆኖ፣ በብዛት የሚሄደው ወደ ግብፅ ነው። ግብፅ ለመግባት ደግሞ ሐላል ስለመሆኑ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ቀደም ሲል ይህን የምስክር ወረቀት የሚሰጡ የተለያዩ ድርጅቶች ነበሩ። በ2019 ግብፅ ሁሉንም ሰርዛ በዘርፉ ልምድ ላልነበረው አንድ ድርጅት ብቻ ሰጠችው፤ ባለቤቱ የናዲን ወዳጅ የሆነ ትውልደ ግብፃዊ የኒው ጀርሲ ነጋዴ ነው። ክፍያው ሲንር የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተቃወመ። ሴናተሩ ስልክ አንሥቶ ለመሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ ኃላፊ ደወለና ተቃውሟችሁን ተዉት አለ። ከጉቦው ከፊሉ የሚንቆረቆረው ከዚያ ድርጅት ነበር፤ ነጋዴውም ስምንት ዓመት አለፍ ያለ እስር ተፈረደበት።

እናንተ ስለ ዓባይና ስለ ጦር መሣሪያ ታወራላችሁ። እኔ ግን ዜናውን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ ካርቶን ነው። በጓንት ላይ ጓንት ደርበን፣ ጣታችን እየደነዘዘ የደረደርነው ጉበት የሴናተር ሚስት መኪና ሆኗል።


ነገረኛዋ

የመኪናውን ነገር ካነሣህ አይቀር፣ መርሴዲስ ናት፤ ጣሪያዋ የሚከፈት። የገዛላት ግን የጉበቱ ሰው ሳይሆን ሌላ ነጋዴ ነው፤ እርሱም ጥፋቱን አምኖ በሴናተሩ ላይ መሰከረ። ከምስክርነቱ ሁሉ የማይረሳኝ ቃጭሉ ነው። ሁለቱ ወንዶች በጓሮ በኩል ተቀምጠው ሲያወሩ ሴናተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ ቃጭል አንሥቶ አንቀጨለ፤ ናዲን ከቤት ወጣች፤ ወረቀት አምጪ አላት። ቃጭል! የእኛ ቤት አባወራ ይህን ቢሞክር ቃጭሉ ወዴት እንደሚበር አውቃለሁ።

ችሎት ሲመጣ ደግሞ ወርቁም ገንዘቡም የናዲን ነው፣ ቁም ሣጥኑ የእርሷ ነው፣ ምንም አላውቅም አለ። እርሷ በሕመም ምክንያት ችሎቷ ለብቻ ተደርጎላት ነበርና መልስ የምትሰጥበት ቦታ አልነበረችም። ኤፍቢአይ ቤቱን የፈተሸው ሰኔ 2022 ነው። ከ480,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ በፖስታ በፖስታ ሆኖ በልብስ፣ በጫማና በካዝና ተወሽቆ ተገኘ። ከፖስታዎቹ የተወሰኑት የሴናተሩ የራሱ ስም በተጠለፈበት ጃኬት ኪስ ውስጥ ነበሩ። ስም የተጠለፈበት ጃኬት ለብሶ "የማን እንደሆነ አላውቅም" ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ጥፍጥፍ ወርቁ አሥራ ሦስት ነው፦ ሁለቱ የኪሎ፣ አሥራ አንዱ የአንድ አንድ ወቄት። ከወርቆቹ የአንዳንዶቹ ተከታታይ ቁጥር ከየት እንደመጡ አጋለጠ። ሰጪው የሪል እስቴት አልሚ በ2013 በመሣሪያ ተዘርፎ ለፖሊስ አመልክቶ ነበር፤ ወርቁ ሲመለስለት ቁጥሩን አረጋግጦ ፈርሟል። ያ ፊርማ ከአሥር ዓመት በኋላ ምስክር ሆነበት።


የአዲግራት ልጅ

ሳቃችሁ መልካም ነው። እኔ ግን ከሌላ ቦታ ሆኜ ነው የማነበው።

ሐምሌ 2021 ላይ ከእናቴ ጋር ለመነጋገር ስልክ አልነበረም፤ የላክሁላት ገንዘብ የሚደርስበት ባንክ አልነበረም። ኤስ 3199 ሲቀርብ እናንተ ካፒቶሉ በአንድ በኩል ቆማችሁ ስትቃወሙ እኔ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰልፍ፣ ይጽደቅ ብዬ ቆሜያለሁ። በግብፅ ወርቅ አይደለም የቆምኩት። ረቂቁ ሰላምን የሚያደናቅፍና እርዳታ የሚያግድ ማንኛውም ወገን ላይ ማዕቀብ ይጣል የሚል ነበር። ከሁለቱም ፓርቲ ሴናተሮች ደግፈውታል። በታችኛው ምክር ቤት የነበረውን መንትያውን፣ ኤች አር 6600ን፣ ያቀረበው ቶም ማሊኖውስኪ ነው፤ እርሱም ከኒው ጀርሲ፣ ግን ከወርቁ ጉዳይ ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም። አንድ ሌባ የነካው ነገር ሁሉ የሌባ ነው ካላችሁ የእናቴም ረሃብ የግብፅ ፈጠራ ሊሆን ነው። ሀድሰን ማዶ የጻፍከውን ሳነብ ሁለት ዓመት የያዝኩት አንድ ነገር ቀለል አለኝ።


ቆፍጣናው

እህቴ ይሁን ወንድሜ፣ አላወቅሁም። የእናትህን ረሃብ ማንም ፈጠራ አላለም። እኔ ስለ ሴናተሩ ነው የተናገርኩት።


የአዲግራት ልጅ

እህትህ ነኝ። አንተ አላልክም። የበተናችሁት ወሬ ግን እኔ ዘንድ ሲደርስ እንደዚያ ሆኖ ነው የደረሰው። ከአጎቴ ልጅ ጋር የተኳረፍነው በዚያ ነው፤ እስከ ዛሬ።


ባለ ጋራዡ

አጎዋንም (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድላችንን) ያስነጠቀን ይኸው ሰውዬ አይደለም እንዴ? ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስንቱ ልጅ ሥራ አጣ!


ዶሴ

አይደለም። ኢትዮጵያ ከአጎዋ የተሰረዘችው ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በፕሬዝዳንት ባይደን ውሳኔ ነው። ፕሬዝዳንቱ በሕጉ በተሰጣቸው ሥልጣን ነው ያደረጉት፤ የሴኔት ድምፅ አላስፈለገም። በ2020 የመቶ ሚሊዮን ዶላር ገደማ እርዳታ የታገደውም በትራምፕ አስተዳደር ነው፤ በዚያው ጥቅምት "ግድቡን ያፈነዱታል" ያሉትም ራሳቸው ትራምፕ ናቸው። ሁሉንም ሜኔንዴዝ ጀርባ ላይ ከጫንን ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ።


አሮጌው አርታኢ

ልጆቼ፣ አርባ ዓመት ገደማ በጋዜጣ ሥራ አሳልፌያለሁ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ፤ ዴንቨር ከልጄ ጋር እኖራለሁ። የዚህን ሰው ጉዳይ የምከታተለው ስለ ዓባይ ብዬ ብቻ አይደለም። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የማያስተምረው ነገር ስላለበት ነው።

ነገሩን ከ2012 ልጀምርላችሁ። ሜኔንዴዝ ለምርጫ በሚወዳደርበት ኅዳር፣ ድምፅ ሊሰጥ ቀናት ሲቀሩ፣ አንድ የወግ አጥባቂዎች ድረ ገጽ ፊታቸው የተሸፈነ ሴቶችን አቀረበ። ሴናተሩ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለገላቸው ከፍሎናል አሉ። ወሬው አገር አዳረሰ። በቀጣዩ ዓመት የዶሚኒካን ፖሊስ ሴቶቹ ተከፍሏቸው የተናገሩት ውሸት ነው አለ። በ2014 ደግሞ ዋሽንግተን ፖስት፣ ወሬውን በመትከል የኩባ የስለላ ድርጅት እጅ ሊኖርበት እንደሚችል የሚጠቁም መረጃ ሲአይኤ አግኝቶ እንደነበር ጻፈ። ሰውዬው የኩባ ስደተኞች ልጅ ነው፤ ለካስትሮ መንግሥት የማይበርድ ጠላት ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ሊታመን የሚችል መሰለ። የሴቶቹ ታሪክ አንድም ቀን አልተረጋገጠም።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። ጋዜጠኞች ያንን የውሸት ወሬ ሲያሳድዱ ከጎኑ አንድ እውነተኛ ነገር ረገጡ፤ ሴናተሩ በአንድ የፍሎሪዳ ባለጠጋ የዓይን ሐኪም የግል አውሮፕላን ይንሸራሸር እንደነበር። በ2015 የመጀመሪያው የሙስና ክስ የመጣው ከዚህ ነው። በ2017 ጁሪው መስማማት አቅቶት ተበተነ። ሴናተሩ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ "የፖለቲካ መቃብሬን ስትቆፍሩ የነበራችሁ፣ ማን እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ አልረሳችሁም" አለ። በጥር 2018 መንግሥት ክሱን ተወው። የሴኔቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በሚያዝያ በጥብቅ ገሠጸው፣ የስጦታዎቹንም ዋጋ መልስ አለው፤ ያን ግን ማን አነበበ? በኅዳር እንደገና ተመረጠ። እንደ ክሱ አባባል ከግብፅ ጋር የነበረው ግንኙነት የጀመረው በዚያው በ2018 ነው።

አያችሁ፣ ያ የሴቶቹ ውሸት ለሰውዬው ጋሻ ሆነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣበትን ሁሉ "ይኸው እንደ ለመዱት" ማለት ቻለ። በ2023 ክሱ ሲወጣ የመጀመሪያው መግለጫው፣ ከድሃ ቤት የወጣ የላቲኖ ስደተኛ ልጅ ሴናተር መሆኑ የማይዋጥላቸው ሰዎች ዘመቻ ነው የሚል ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ በልጅነት ከተማው በዩኒየን ሲቲ ቆሞ ስለ ጥሬ ገንዘቡ ተናገረ፦ ቤተሰቤ በኩባ መወረስን ስላየ ለሠላሳ ዓመት ከባንክ ቁጠባዬ እያወጣሁ ለክፉ ቀን አስቀምጥ ነበር አለ። ጋዜጦቹ በዚያው ቀን ወላጆቹ ከኩባ የወጡበትን ዓመት ፈለጉ። 1951 ነው። ካስትሮ ሥልጣን የያዘው በ1959። ለሠላሳ ዓመት ተጠራቀመ የተባለውን ገንዘብ ከያዙት ፖስታዎች ላይ ደግሞ የሪል እስቴት አልሚውና የሾፌሩ አሻራ ተገኘ።

እንዲህ ያለች አንዲት ዓመተ ምሕረት አንድ ሙሉ ርዕሰ አንቀጽ ትበልጣለች። ሀድሰን ማዶ፣ ልጅህ "የትኛው ገጽ ላይ ነው?" ያለችህ የእኔ ዘጋቢዎች መሆን የነበረባት ልጅ ናት።


ነገረኛዋ

ጋሼ፣ ይባርኩን። ግን የራሳቸው የፓርቲ ሰዎችስ? ከዴሞክራት ሴናተሮች መጀመሪያ ልቀቅ ያለው የፔንስልቬኒያው ጆን ፌተርማን ነው። ሌሎቹ ተከትለው ጮኹ። ፌተርማን በዚያ አልበቃውም፤ ከታችኛው ምክር ቤት በቅሌት የተባረረውን ጆርጅ ሳንቶስን ለታዋቂ ሰዎች እየተከፈለ መልእክት በሚቀረጽበት ድረ ገጽ ገንዘብ ከፍሎ "ቦቢ፣ በርታ፣ ወንበርህን እንዳትለቅ" የሚል ቪዲዮ አስቀረጸለት። ሳንቶስ "ቦቢ" ማን እንደሆነ ሳያውቅ ነው የተናገረው። ሜኔንዴዝ ግን በእርግጥም አልለቀቀም፤ እስከ ነሐሴ 2024፣ በአሥራ ስድስቱም ክሶች ጥፋተኛ ከተባለ ወር እስኪያልፈው ድረስ ተቀምጧል። ሲፈረድበት ችሎት ላይ አለቀሰ፤ ከደጅ ሲወጣ "ትራምፕ ልክ ናቸው፣ ይህ ሂደት ፖለቲካ ነው" አለ። የይቅርታ ማመልከቻው አድራሻ የት እንደሆነ ገባኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ ይህኛው ግን በልቶም ቆጨው።


ወለጋ ቡና

አንድ ጥያቄ ላንሣ፣ ከተናደዳችሁ ይቅርታ። የኦክላሆማው ሴናተር ጂም ኢንሆፍ በ2021 ሴኔት ውስጥ ቆመው ለኢትዮጵያ መንግሥት ሲሟገቱ ቪዲዮውን ስንት ጊዜ ተቀባበልነው? ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የመጣች የልጅ ልጅ ስላለቻቸው ነው አልን፤ ፍቅር ነው አልን። በ2024 ሲያርፉም ብዙዎቻችን አዝነናል፣ እኔም አዝኛለሁ። ግን "ለምን?" ብሎ መዝገብ የፈለገ ማን ነበር? ለእኛ የተናገረ በፍቅር፣ በእኛ ላይ የተናገረ በወርቅ። ስለ ኢንሆፍ መጥፎ ነገር አለ እያልኩ አይደለም፤ ስለ እኛ ነው የምጠይቀው።


ቆፍጣናው

ይህችኛዋ ነካችኝ። ቪዲዮውን እኔ ራሴ የአማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ ጨምሬ ለቅቄዋለሁ።

ዶሴ፣ የዓባዩን ደብዳቤ ጉዳይ እንደገና አስረዳኝ። ደብዳቤው ራሱ ምን ጥፋት አለበት? ድርድሩ ቆሟል፣ የውጭ ጉዳይ ይግባበት ነው የሚለው። ሌላ ሰው ቢጽፈው እኮ አልናደድም ነበር።


ዶሴ

ልክ ነህ፤ ክፉነቱም እዚያ ላይ ነው። ደብዳቤውን ብቻውን ብታነበው ማንኛውም የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ አባል ሊጽፈው የሚችል ለስላሳ ወረቀት ነው። "ኢትዮጵያን ቅጡ" አይልም። ተቀባዮቹ ሁለቱ ሚኒስትሮች ከእርሱ በፊት የነበረውን ስብሰባና የናዲንን መልእክት ቢያውቁ በዚያው ዓይን ያነቡት ነበር? የጉቦ ሕግ የሚጠይቀው ይህን ነው። ሥራው በራሱ ክፉ መሆኑን አይጠብቅም፤ ሥራው መሸጡን ነው የሚጠይቀው። የእኛ ጎን ግን "በግብፅ ወርቅ ማዕቀብ ጻፈ" የሚለውን ትልቁን ታሪክ ስለወደደው ይህችን ትንሿን፣ መዝገብ ላይ ያለችውን፣ የተሸጠችውን ደብዳቤ ማንም አላነሣትም። እስከ ዛሬ ክር ድረስ በአማርኛ ስለ እርሷ በወጉ የተጻፈ አላየሁም።


አራት ኪሎ

ደብዳቤው ምን አመጣ? ድርድሩ ተቀየረ?


ሀድሰን ማዶ

በዚያው ክረምት የመጀመሪያው ውሃ ተሞላ። ደብዳቤው ምን ለወጠ ለሚለው መልስ የለኝም፤ ከእንግዲህ የማልጨምረውም ቅመም ይኸው ነው።


አሮጌው አርታኢ

ሀድሰን ማዶ፣ አንድ የጋዜጣ ቤት ጥያቄ ልጠይቅህ። ስሕተቱ በወጣበት ገጽ ነው ማረሚያው የሚወጣው። አምስት ቡድን ብለሃል። ማረሚያውን ላክህ?


ሀድሰን ማዶ

ጋሼ፣ ለአራቱ ልኬያለሁ። በሁለቱ ማንም አልመለሰልኝም፤ በአንዱ "አንተም ተገዛህ?" የሚል መጣ፤ በአራተኛው አንድ ሰው የወርቁን ፎቶ ከሥሩ ለጠፈበት። በአምስተኛው፣ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ግንባታ መዋጮ የሚሰበሰብበት ቡድን ነው፣ አስተዳዳሪው አስወጥቶኛል። እዚያ ያለ ሰው ካለ ያድርስልኝ።


ባለ ጋራዡ

እኔ አለሁበት። ዛሬ ማታ እለጥፈዋለሁ። የአጎዋውንም አብሬ አርሜ። መዋጮዬን ግን አስቀድሜ ልክፈል፤ ኋላ ሳልከፍል ወጣ እንዳይሉኝ።